የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አካፋዩ ሳይገኝ ውህድነቱ የታወቀ ቁጥር

ለዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች ከተለያየ ቦታ የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚገናኙት አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ይኸውም አንድ በጣም ትልቅ ቁጥር ውህድ መሆኑን ማወቅና ከየትኞቹ ቁጥሮች ብዜት እንደተገኘ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከደሴ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦ 147,573,952,589,676,412,927 የተባለው ቁጥር ውህድ መሆኑ በ1876 እንደተረጋገጠ፣ አካፋዮቹ የተገለጡት ግን በ1903 እንደሆነ አነበብኩ። እኔ የተማርኩት ውህድ ቁጥር ማለት ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ ያለው ቁጥር ማለት እንደሆነ ነው። አካፋዩን ማንም ሳያየው ውህድ መሆኑ እንዴት ሊረጋገጥ ይችላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን የያዙት ትርጉም ትክክል ነው፤ ጥያቄውም በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ውስጥ ካሉት እጅግ ማራኪ ጉዳዮች አንዱን የሚነካ ስለሆነ መልሱ ረዘም ይላል።

ቁጥሩ የሚገኘው ስልሳ ሰባት ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው ከውጤቱ ላይ 1 ሲቀነስ ነው፤ በአጭሩ 2⁶⁷ − 1 ተብሎ ይጻፋል። 2ን በአንድ አርቢ አራብተን 1 ስንቀንስ የምናገኛቸው ቁጥሮች የመርሴን ቁጥሮች ይባላሉ። ስሙ የመጣው ማሪን መርሴን ከተባለው ፈረንሳዊ መነኩሴ ነው። መርሴን በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 257 ካሉት አርቢዎች መካከል ብቸኛ ቁጥር (ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር) የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው ሲል ጻፈ። ዛሬ እንደምናውቀው ዝርዝሩ ጉድለት አለበት፤ 67 እና 257 መግባት አልነበረባቸውም፣ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘልለዋል። ነገር ግን 67ን በተመለከተ የተናገረውን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ማንም ሊያጸናውም ሊያፈርሰውም አልቻለም።

ለምን እንዳልተቻለ ለመረዳት ሥራውን በእጅ ለመሥራት እንደተነሳን እናስብ። ቁጥሩ ውህድ ከሆነ ከአካፋዮቹ ቢያንስ አንዱ ከቁጥሩ ዳግም ዘር፣ ማለትም ከ12.15 ቢሊዮን ገደማ አይበልጥም፤ ሁለቱም ከዚያ ቢበልጡ ኖሮ ብዜታቸው ከቁጥሩ ራሱ ይበልጥ ነበርና። እስከ 12 ቢሊዮን ያለውን ሁሉ እየወሰዱ መሞከር ለሰው እጅ የማይታሰብ ነው። ደግነቱ የሒሳብ ሊቃውንቱ ፌርማና ኦይለር ያቆዩልን አቋራጭ አለ። አርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ከሆነ፣ የመርሴን ቁጥር አካፋይ ሁሉ የአርቢው እጥፍ ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት መሆን አለበት፤ ለ8 ሲካፈልም ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ ነው። በትንሹ እንየው። 2¹¹ − 1 = 2047 ሲሆን፣ 2047 = 23 × 89 ነው። የ11 እጥፍ 22 ነው፤ 23 ማለት 22 + 1፣ 89 ማለት ደግሞ 4 × 22 + 1 ነው። ለ8 ስናካፍላቸውም ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 7 እና 1 ናቸው። ይህን አቋራጭ ለ2⁶⁷ − 1 ስንጠቀምበት መሞከር ያለብን የ134 ብዜት ላይ 1 የተጨመረባቸውን ብቻ፣ ከእነሱም ግማሹን ብቻ ይሆናል። ያም ሆኖ በዚህ መንገድ ብቻ ከትንሹ ሄደን የመጀመሪያው ትክክለኛ አካፋይ ላይ እስክንደርስ 722,790 እጩዎችን ማለፍ አለብን። ከእነዚህ ውስጥ በ3፣ በ5 እና በመሳሰሉት የሚካፈሉትን ብናስወግድ እንኳ የሚቀረው ባለ 21 አሃዝ ቁጥር በእጅ የማካፈል ሥራ የአንድን ሰው ብዙ ዓመት ይበላል።

ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሉካስ በ1876 የሄደበት መንገድ አካፋይ ፍለጋን ጨርሶ የተወ መንገድ ነው። አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር በ1930 ካቀለለው በኋላ ፈተናው የሁለቱን ስም ይዞ ይጠራል፤ ስሌቱንም ማንኛውም የ11ኛ ክፍል ተማሪ በወረቀት ሊሠራው ይችላል። አርቢው ከ2 የሚበልጥ ብቸኛ ቁጥር ይሁን። ከ4 እንነሳለን። በራሱ እናባዛዋለን፣ 2 እንቀንሳለን፣ ያገኘነውን ለምንፈትነው ቁጥር አካፍለን ቀሪውን ብቻ እንይዛለን። በቀሪው ላይ ያንኑ እንደግማለን። ይህን የምናደርገው ከአርቢው በሁለት ለሚያንስ ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ ቀሪው 0 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ 0 ካልሆነ ያለ ምንም ጥርጥር ውህድ ነው።

መጀመሪያ 2⁷ − 1ን፣ ማለትም 127ን እንፈትን። 4 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 14 ነው። 14 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 194 ይሆናል፤ ለ127 ሲካፈል ቀሪው 67 ነው። ከ67 የሚገኘው 4487 ሲሆን ቀሪው 42፤ ከ42 የሚገኘው 1762 ሲሆን ቀሪው 111፤ ከ111 የሚገኘው ደግሞ 12,319 ነው። 12,319 ማለት በትክክል 97 × 127 ስለሆነ ቀሪው 0 ነው። አምስቱ እርምጃ ተፈጸመ፤ 127 ብቸኛ ቁጥር ነው።

አሁን 2047ን እንውሰድና 23 እና 89 የሚባሉትን ቁጥሮች ጨርሶ እንዳላየናቸው እንቁጠር። ከ4 ተነስተን የምናገኛቸው ቀሪዎች በተራ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1877፣ 240፣ 282 እና 1736 ናቸው። ዘጠነኛው ቀሪ 1736 እንጂ 0 አይደለም፤ ስለዚህ 2047 ውህድ ነው። ከእነዚህ ዘጠኝ ቀሪዎች ውስጥ ስለ 23ም ሆነ ስለ 89 በግልጽ የሚናገር አንድም የለም። ጠያቂያችን ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይህን ተራ ራሳቸው ቢሠሩት ነገሩ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ግልጽ ይሆንላቸዋል።

ማረጋገጫው የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። ብቸኛ ቁጥር የሆነ ሁሉ ግድ የሚታዘዘው የቀሪ ሕግ አለ። አንድ ቁጥር ያንን ሕግ ሲጥስ ካየን ብቸኛ ሊሆን አይችልም፤ ብቸኛ ካልሆነና ከ1 የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ ውህድ ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም፤ ስለዚህ አካፋዮች የግድ አሉት። ገበያ ላይ ማሰሮ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ የተሰነጠቀውን በድምፁ እንደሚለይ፣ ስንጥቁ በየት በኩል እንዳለ ግን ድምፁ እንደማይነግረው ማለት ነው። ለ2⁶⁷ − 1 የሚያስፈልጉት እርምጃዎች 65 ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ እርምጃ የትላልቅ ቁጥሮች ማባዛትና ማካፈል ስለሆነ አድካሚ ነው፤ ከሰባት መቶ ሺህ እጩ ጋር ሲነጻጸር ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሉካስ ራሱ በዚያው ዓመት በዚሁ ሐሳብ ባለ 39 አሃዙ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን አረጋግጧል።

አካፋዮቹን ያገኘው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። በጥቅምት 1903 በኒው ዮርክ በተካሄደው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ያቀረበው ውጤት የሚከተለው ነበር፦

193,707,721 × 761,838,257,287 = 147,573,952,589,676,412,927

ኮል አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሰሌዳው አንድ ጎን 2⁶⁷ − 1ን አስልቶ፣ በሌላው ጎን ሁለቱን ቁጥሮች አባዝቶ፣ ውጤቶቹ እኩል መሆናቸው ሲታይ በጭብጨባ ታጅቦ ተቀመጠ የሚል ታሪክ ይነገራል፤ ሥራው የሦስት ዓመት እሑዶችን እንደፈጀበትም በኋላ ተናግሯል ይባላል። ታሪኩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተሳምሮ ሊሆን ይችላል። ቁጥሮቹ ግን ምስክር አያሻቸውም፤ ሁለቱም አካፋዮች ከላይ የጠቀስነውን ሕግ ያሟላሉ። የመጀመሪያው 134 × 1,445,580 + 1፣ ሁለተኛው ደግሞ 134 × 5,685,360,129 + 1 ነው። አንደኛው ለ8 ሲካፈል 1፣ ሌላው 7 ይተርፋል። ማባዛቱን በእጅ ለማጣራት አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ቁጥሮቹን ለማግኘት ግን የአንድ አዋቂ ዓመታት ወስዷል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ፣ የሒሳብ መምህር)፦ አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ 2ን ከቁጥሩ በአንድ በሚያንስ አርቢ አራብተን ለቁጥሩ ስናካፍል ቀሪው 1 ይሆናል የሚለውን የፌርማ ሕግ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ይህን በትልልቅ ቁጥሮች ላይ መፈተኛ ማድረግ ይቻላል ወይ? የሚያታልል ቁጥርስ የለም?

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚያታልሉም አሉ። ነገሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚያታልል መለየት ግን አስፈላጊ ነው።

91ን ብንወስድ 2¹² = 4096 = 45 × 91 + 1 ስለሆነ ቀሪው 1 ነው። ስለዚህ የ2⁸⁴ ቀሪም 1 ነው፤ የ2⁹⁰ ቀሪ ደግሞ ከ2⁶ ጋር አንድ ይሆናል፣ ማለትም 64። ቀሪው 1 ስላልሆነ 91 ውህድ ነው፤ እዚህ ላይ 7 እና 13ን ማንሳት አላስፈለገንም። ፈተናው «ውህድ ነው» ሲል አይሳሳትም። የሚያሳስተው ዝም ሲል ነው። 341 የ11 እና የ31 ብዜት ሆኖ ሳለ 2¹⁰ = 1024 = 3 × 341 + 1 በመሆኑ የ2³⁴⁰ ቀሪ 1 ይመጣል፤ ላልጠረጠረ ሰው ብቸኛ ቁጥር ይመስላል። በ2 ፋንታ 3ን ብንጠቀም ቀሪው 56 ስለሚሆን ይጋለጣል። ከላይ ያየናቸው የመርሴን ቁጥሮችም አርቢያቸው ብቸኛ ቁጥር እስከሆነ ድረስ፣ ውህድም ሆኑ ብቸኛ፣ በ2 ሲፈተኑ ሁልጊዜ ቀሪያቸው 1 ነው። ስለዚህ 2⁶⁷ − 1ን በ2 መፈተን ምንም አያስገኝም።

ከሁሉም የከፋው 561 ነው። 561 = 3 × 11 × 17 ሲሆን፣ 560 በ2፣ በ10 እና በ16፣ ማለትም ከሦስቱ አካፋዮች በአንድ በሚያንሱት ቁጥሮች ሁሉ ይካፈላል። በዚህ ምክንያት ከ561 ጋር የጋራ አካፋይ የሌለውን ማንኛውንም ቁጥር መርጠን ብንፈትነው ቀሪው 1 ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ካርማይክል በ1910 ያመለከተው ይህ ባሕርይ ያላቸው ቁጥሮች የካርማይክል ቁጥሮች ይባላሉ፤ ቁጥራቸው ማለቂያ እንደሌለው አልፎርድ፣ ግራንቪልና ፖመራንስ በ1994 ባሳተሙት ሥራ አረጋግጠዋል።

መድኃኒቱ የመጣው ከጋሪ ሚለርና ከማይክል ራቢን ነው፤ የመጀመሪያው በ1976፣ ሁለተኛው በ1980 አቀረቡት። ሐሳቡ በክፍል ውስጥ ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ለመምህራችን በዝርዝር እናቅርበው። ብቸኛ ቁጥርን አካፋይ አድርገን ስንሠራ፣ በራሱ ተባዝቶ ቀሪው 1 የሚሆን ቀሪ ሁለት ብቻ ነው፤ 1 እና ከቁጥሩ በአንድ የሚያንሰው። አሁን 560 = 16 × 35 ነው። የ2³⁵ን ቀሪ ለ561 አስልተን ደጋግመን በራሱ ብናባዛው 263፣ 166፣ 67፣ 1 እናገኛለን። ይህን ተራ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ 67 በራሱ ተባዝቶ 4489 ይሆናል፣ ይህም 8 × 561 + 1 ነው። 67 ግን 1ም 560ም አይደለም። ብቸኛ ቁጥር እንዲህ ያለ ነገር ፈጽሞ ስለማይፈቅድ 561 ተያዘ። እንዲያውም እዚህ ላይ አካፋዩ በነጻ ይገኛል፤ 66 × 68 በ561 ስለሚካፈል የ66 እና የ561 ትልቁ የጋራ አካፋይ 33፣ የ68 እና የ561 ደግሞ 17 ነው፤ 33 × 17 = 561። እንዲህ ያለው ዕድል ግን አልፎ አልፎ የሚገጥም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፈተናው ውህድነቱን ተናግሮ አካፋዩን ሳይነካ ያልፋል።

በዚህ ፈተና ውህድ የሆነን ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ብቸኛ ሊያስመስሉ የሚችሉት መፈተኛ ቁጥሮች ከሩብ አይበልጡም። ስለዚህ አንድ ውህድ ቁጥር በዘፈቀደ የተመረጡ አርባ መፈተኛዎችን የማለፉ ዕድል ቢበዛ ሩብ በ40 አርቢ ተራብቶ የሚገኘው ነው፤ ይህም ለሥራ ጉዳይ ከዜሮ አይለይም። ጭራሽ ጥርጥር የሌለበትና ለማንኛውም ቁጥር በተመጣጣኝ ጊዜ የሚያበቃ ዘዴ ደግሞ በ2002 ከሕንድ መጥቷል፤ ያቀረቡት በካንፑር የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት አግራዋል፣ ካያልና ሳክሴና ናቸው። ሁለቱ የመጨረሻ ስሞች በወቅቱ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ገና የጨረሱ ወጣቶች እንደነበሩ ለተማሪዎች መንገር ተገቢ ይመስለናል።

ጥያቄ (ከሪያድ፣ አንባቢያችን)፦ በስልኬ ለቤተሰቦቼ ገንዘብ በምልክበት ጊዜ ምስጢሩን የሚጠብቀው ትልቅ ቁጥር ነው ይባላል። ቁጥሩ ለሁሉም ግልጽ ከሆነ ምኑ ነው ምስጢር?

መልስ፦ ምስጢሩ ቁጥሩ ሳይሆን አካፋዮቹ ናቸው። ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን በ1977 ያወጡትና በስማቸው መነሻ ፊደላት አርኤስኤ የሚባለው ዘዴ የቆመው ከላይ በሁለቱ መልሶች ባሳየነው ልዩነት ላይ ነው። አንድ ባንክ ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን መርጦ ያባዛቸዋል፤ ብዜቱን ለዓለም ሁሉ ያሳውቃል፣ ሁለቱን ግን ለራሱ ይይዛል።

አሠራሩን በትንሽ ቁጥር እንየው። ሁለቱ ምስጢሮች 11 እና 23 ይሁኑ፤ ብዜታቸው 253 ነው። ባንኩ 253ን እና 3 የሚባል የመቆለፊያ አርቢ ይፋ ያደርጋል። እርስዎ 7 የሚለውን መልእክት መላክ ከፈለጉ 7ን በ3 አርቢ ያራቡታል፤ 343 ይሆናል፣ ለ253 ሲካፈል ቀሪው 90 ነው። የሚላከው 90 ነው። ባንኩ 90ን በ147 አርቢ አራብቶ ለ253 ሲያካፍል ቀሪው 7 ይመለስለታል። ይህ 147 ከየት መጣ? ከ11 እና ከ23 አንድ አንድ ቀንሰን ስናባዛ 10 × 22 = 220 ነው፤ 3 × 147 = 441 ደግሞ ለ220 ሲካፈል 1 ይተርፋል። እንግዲህ 220ን ለማወቅ 11ን እና 23ን ማወቅ ያስፈልጋል። 253ን መበተን፣ ማለትም አካፋዮቹን ማግኘት፣ ለማንም ቀላል ነው። የባንኩ ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ 617 አሃዝ ያለው ነው፤ ዛሬ በስልክዎና በባንኩ መካከል ግንኙነት ሲጀመር እንዲህ ያለው ቁጥር በተለይ የሚያገለግለው በሌላኛው ጫፍ ያለው በእርግጥ ባንኩ መሆኑን በዲጂታል ፊርማ ለማረጋገጥ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱም ገጽታዎች እንደሚያስፈልጉ ማስተዋል ይገባል። ባለ 300 አሃዝ ብቸኛ ቁጥሮችን በቅጽበት መርጦ ማግኘት የተቻለው ለሐዋሳው መምህር የገለጽነው ዓይነት ፈተና ስላለ ነው፤ ብዜታቸው ምስጢር የሚጠብቀው ደግሞ ውህድነትን የሚያውቅ ፈተና አካፋይን ስለማያወጣ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ዘዴው አይኖርም ነበር።

ጥንካሬው በተግባር ተፈትኗል። በ1977 ባለ 129 አሃዝ አንድ ቁጥር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ለአንባቢያን ፈተና ሆኖ ቀርቦ ነበር። የተበተነው በ1994 ሲሆን፣ 600 ያህል ፈቃደኞች በኢንተርኔት ተባብረው የኮምፒውተሮቻቸውን ጉልበት በማዋጣት ባለ 64 እና ባለ 65 አሃዝ የሆኑ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮችን አገኙ። በ2020 ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ፈተና ከተዘረዘሩት ቁጥሮች ባለ 250 አሃዙ ተበትኗል፤ ይህ ሥራ ለአንድ የኮምፒውተር ማስያ ክፍል ብቻ ቢሰጥ 2700 ዓመት ገደማ ይፈጅበት ነበር። በዚያው የፈተና ዝርዝር ውስጥ ያለው ባለ 617 አሃዝ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተነካም።

ይህ ማለት ግን መበተን ከባድ መሆኑ በማረጋገጫ ጸንቷል ማለት አይደለም። ፈጣን መንገድ የለም ብሎ ያረጋገጠ ሰው የለም፤ ያለን ነገር ብዙ ብርቱ ሰዎች ፈልገው አለማግኘታቸው ነው። ፒተር ሾር በ1994 እንዳሳየው በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒውተር ቢሠራ እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች በፍጥነት ይበትናቸው ነበር። በዚህ ሥጋት ምክንያት የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በነሐሴ 2024 በቁጥር መበተን ላይ ያልተመሠረቱ አዳዲስ የምስጢር ዘዴዎችን ደረጃ አድርጎ አውጥቷል። ለእርስዎ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ የሚበጀው የስልክዎን መተግበሪያ ሳያሳድሱ አለመቆየት ነው፤ ለውጡ የሚደርስዎት በዚያ በኩል ነውና። የይለፍ ቃልዎን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት የሚያመጣውን ጉዳት ግን የትኛውም ትልቅ ቁጥር አያድነውም።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን፣ አንባቢያችን)፦ በዚህ በኮምፒውተር ዘመን ውህድነቱ ተረጋግጦ አንድም አካፋዩ ያልታወቀ ቁጥር አሁንም አለ?

መልስ፦ አለ፤ ታዋቂዎቹ ከፌርማ ቁጥሮች መካከል ናቸው። የፌርማ ቁጥሮች የሚገኙት 2ን በ1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያልን በሚታጠፉ አርቢዎች አራብተን 1 ስንጨምር ነው። የመጀመሪያዎቹ አምስት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ ስለሆኑ ፌርማ ሁሉም እንደዚያ ናቸው ብሎ አምኖ ነበር። ኦይለር በ1732 ስድስተኛው፣ ማለትም 4,294,967,297፣ የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። አካፋዩ የ64 ብዜት ላይ 1 የተጨመረበት መሆን እንዳለበት ከታወቀ ፍለጋው አጭር ነው፤ ብቸኛ ከሆኑት እጩዎች 193፣ 257፣ 449 እና 577 ቀጥሎ አምስተኛው 641 ነው።

ከዚያ በላይ ያሉት ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኙም። አርቢው 2¹⁴ የሆነው ባለ 4933 አሃዝ ቁጥር ውህድ መሆኑ የታወቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አካፋዩ የተገኘው በ2010 ነው። አርቢው 2²⁰ የሆነው 315,653 አሃዝ አለው፤ ውህድነቱ በ1987 ተረጋግጧል፣ አካፋይ ግን አልተገኘለትም። አርቢው 2²⁴ የሆነው ደግሞ 5,050,446 አሃዝ ያለው ሲሆን፣ ክራንዳል፣ ማየርና ፓፓዶፑሎስ በ1999 ውህድ መሆኑን አረጋግጠዋል፤ የእሱም አካፋይ እስካሁን አልታወቀም።

ለእነዚህ የሚያገለግለው ፈተና ፈረንሳዊው ቄስ ፔፓን በ1877 ያወጣው ነው። 3ን የፌርማው ቁጥር በአንድ ተቀንሶ በተገመሰው አርቢ አራብተን ለቁጥሩ ስናካፍል፣ ቀሪው ከቁጥሩ በአንድ የሚያንሰው ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ ውህድ። በ17 ላይ ብንሞክረው 3⁸ = 6561 ለ17 ሲካፈል ቀሪው 16 ነው፤ 17 ብቸኛ ነው። ብቸኛ ይሁን ውህድ ገና ካልታወቁት የፌርማ ቁጥሮች ትንሹ አርቢው 2³³ የሆነው ነው። ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዝ ስላለው፣ የፔፓንን ፈተና በእሱ ላይ ለመፈጸም ያን ያህል የሚረዝሙ ቁጥሮችን ከ8.5 ቢሊዮን ጊዜ በላይ በራሳቸው ማባዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለጊዜው የሚያደርጉት የአካፋዩን መልክ ከሚወስነው ሕግ ተነስተው ትንንሽ እጩዎችን አንድ በአንድ መሞከር ነው።